ከደጃፍ ያልዘለቀ ምጽዋት

ሬኔሳንስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፍሎሬንስንና ሮማን ነው። የሆላንድ ከተሞች ከታወሱም ሰዓሊዎቻቸው ሃይማኖትን ትተው የዕለት ኑሮን መሣል ጀመሩ እየተባለ ነው። ይህ አባባል የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ይመስለኛል። የቀረውን ግማሽ ለማየት አንድ ሥዕል ይበቃል።

ሥዕሉ በ1504 እ.ኤ.አ. ለአልክማር ከተማ የቅዱስ ላውሬንስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው «ሰባቱ የምሕረት ሥራዎች» ነው። ዛሬ የሚገኘው በአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም ነው። ሰዓሊው ስሙን ስላልጻፈበት የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች «የአልክማሩ ሊቅ» ይሉታል። ሰባት የእንጨት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የተራበ ይበላል፣ የተጠማ ይጠጣል፣ የታረዘ ይለብሳል፣ የሞተ ይቀበራል፣ መንገደኛ ማደሪያ ያገኛል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይፈታል። ስድስቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰዱ ናቸው። ሰባተኛው፣ ቀብሩ፣ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ከሚቆጠረው ከመጽሐፈ ጦቢት ጋር የተያያዘ ነው።

ሰዓሊው ይህን ሁሉ ኢየሩሳሌም አልወሰደውም። ያወረደው የራሱ ዘመን ሰዎች በራሳቸው ልብስ ከሚመላለሱበት የከተማ ጎዳና ላይ ነው። ክርስቶስም ከቀብሩ ሰሌዳ በቀር በሁሉም ከችግረኞቹ መሐል ቆሟል። በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ዐይኑ ያረፈው ዳቦ በሚሰጠው ባለቤት ላይ ሳይሆን በእኛ በተመልካቾቹ ላይ ነው። በቀብሩ ሰሌዳ ግን ከሰማይ ሆኖ ይፈርዳል። እንግዲህ ጎዳናው የፍርድ አደባባይ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተነሡት ሥዕል አጥፊዎች በስለት የቧጠጡትም እንዲያው የከተማ ኑሮ ሥዕል ነው ብለው አልነበረም።

ሥዕሉን ሳደንቅ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሰጪው ዘወትር ንጹሕ ለባሽ ነው፤ የሚሰጠውም ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነው። ተቀባዩ ዳቦውን ይዞ ወደ ጎዳናው ይመለሳል። ለምን እንደተራበ የሚጠይቀው የለም። ባለጸጋው የከተማ ሰው ሥዕሉን አይቶ ረክቶ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ የሰዓሊው ድካም ከዚህ ላይ ነው።

ይሁንና ከዚያ ወዲህ የመጣው ሥርዓት ለሰዓሊው ይመሰክርለታል። የፍላንደርሷ ኢፕር በ1525 የድሆችን እርዳታ በከተማው አስተዳደር እጅ አስገባች። በ1531 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ሆላንድን ጨምሮ በኔዘርላንድ ግዛቶቹ ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ልመናን የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ፤ እርዳታውም ከጋራ ሣጥን እንዲሰጥ አዘዘ። የጋራ ሣጥን ከአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ይልቅ ሊታመን እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን ለማኙ ከደጃፉ ሲነሣ፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት የሚያየው ሰው አብሮ ተነሣ።

ሆዱን የሚሞላለትም፣ ፊቱን የሚያይለትም ለድሃ ያስፈልጉታል። የአልክማሩ ሊቅ የመጀመሪያውን ጥያቄ አልመለሰም። ሁለተኛውን ግን፣ ከዳቦ ፈላጊዎቹ ጀርባ ቆሞ በሚያየን በዚያ ሰው ዐይን፣ እስከ ዛሬ ይጠይቀናል።