ዝምታውን የጠበቀ ሸክላ

የቆየ አልበም በሸክላ ዳግም ሲታተም ሥራው በጥንቃቄ መሠራቱን በምን እናውቃለን? ብዙ ገዢ ሽፋኑን አገላብጦ አይቶ፣ ክብደቱን በእጁ መዝኖ ይወስናል። እኔ የማዳምጠው መርፌው ካረፈ በኋላ፣ ሙዚቃው ከመግባቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ነው። ለዚህ ፈተና ደግሞ ከቶክ ቶክ «ስፒሪት ኦፍ ኤደን» የሚበልጥ አልበም አላውቅም።

የእንግሊዙ ባንድ ቶክ ቶክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው በሲንተሳይዘር በተሠሩ ፖፕ ዘፈኖች ነው። ገበያው ሲቀናቸው ግን ድምፃዊው ማርክ ሆሊስና ፕሮዲዩሰሩ ቲም ፍሪስ-ግሪን ሌላ መንገድ ያዙ። በሰሜን ለንደን ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነበረው ዌሴክስ ስቱዲዮ ገብተው፣ ከድምፅ ባለሙያው ፊል ብራውን ጋር ጨለማ ውስጥ ለወራት ቀረጹ። የተጋበዙት ሙዚቀኞች እንደመጣላቸው ይጫወቱ ነበር፤ ከብዙ ሰዓት ጨዋታ የተመረጠው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አልበም ስድስት ዘፈኖች ብቻ አሉት፤ በ2012 በሸክላ ዳግም ታትሟል። የትኛውም ቅጂ እጃችሁ ቢገባ መመርመሪያው አንድ ነው።

መጀመሪያ ዝምታውን ስሙ። አልበሙ የሚከፈተው በቀስታ በሚነፋ ትራምፔትና ከሩቅ እንደሚመጣ በሚሰማ ድምፅ ነው፤ ከበሮው እስኪገባ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ጊታር በሚጮህበት ሸክላ ላይ የማይታወቅ ጭርጭርታ እዚህ መደበቂያ የለውም። ጧ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሸክላውን አጥባችሁ ድገሙት። አቧራ ከሆነ ይለቃል። አዲስ ሸክላ ላይ ከታጠበም በኋላ በየ1.8 ሰከንዱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ዙር፣ እየተመለሰ የሚመጣ ከሆነ ግን ጉድለቱ ከማተሚያው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ መዝኑ። ይህ አልበም ከሹክሹክታ ወደ ፍንዳታ የሚሄድ ነው። ድምፁን ለዳግም ኅትመት የሚያዘጋጀው ሰው ሰነፍ ከሆነ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ጨፍልቆ ያስተካክለዋል። መጀመሪያ ሲሰሙት «እንዴት ጥርት ብሏል!» ያሰኛል፤ ፍንዳታው ሲደርስ ግን የሚያስደነግጥ ነገር አይቀርም። ሆሊስ ያንን ሁሉ ዝምታ የደረደረው ለዚያች ቅጽበት ነበር።

ድምፁን ሸክላው ላይ የሚቀርጸው ባለሙያ ብቃት የሚለየው የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስቱ ዘፈኖች ሳይቋረጡ 23 ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ፤ ለአንድ ገጽ ይህ ረጅም ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር የድምፁ መስመሮች ይጠጋጋሉ፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል። እኛም ለማካካስ ስንከፍተው ጭርጭርታው አብሮ ያድጋል። በዚህ ላይ ከሸክላው ጠርዝ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመርፌው ሥር ሲያልፍ፣ መሃሉ አጠገብ የሚያልፈው 20 ያህል ብቻ ነው። «ዲዛየር» የተባለው ሦስተኛው ዘፈን፣ ድራሙና ኦርጋኑ የሚፈነዱበት፣ የወደቀው ልክ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የመርፌያችሁን አቀማመጥ አስተካክላችሁ እዚያ ስትደርሱ የድራሙ ሳህን እንደ ሳህን ከተሰማችሁ፣ የቀረጸው ሰው እጁ የተባረከ ነው። አሸዋ እንደሚፈስ ሆኖ ከተሰማችሁ ግን መልሱት።

የመሃሉንም ቀዳዳ አትርሱ። አንድ ጊዜ በጉጉት ያስመጣሁትን ሸክላ አጫውቼ ፒያኖው ሲያለቅስ ሰማሁ። መሣሪያዬ የተበላሸ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የመርፌው ክንድ በየዙሩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። ቀዳዳው ከመሃል በጥቂቱ ስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሸክላ ስከፍት አስቀድሜ የማየው ክንዱን ነው።

የሸክላውን ክብደት የሚናገረው «180 ግራም» የሚል ጽሑፍ ብዙ አያታልላችሁ። ወፍራም ሸክላ በቀላሉ አይጣመም ይሆናል፤ በደንብ ያልተቀረጸ ድምፅን ግን አያድንም። ሽፋኑን ስታዩ ጄምስ ማርሽ የሳለው ዛፍ ላይ ያሉትን ዛጎሎች ቅርብ አድርጋችሁ እዩ። ጠርዛቸው የደበዘዘ ከሆነ ምስሉ ከአሮጌ ሽፋን ተገልብጦ ይሆናል።

የመጨረሻው ፈተና «ዌልዝ» ነው። የሆሊስ ድምፅ ካበቃ በኋላ ኦርጋኑ ቀስ እያለ ይርቃል። መጥፎ ቅጂ ላይ ጭርጭርታው ቀድሞ ይመጣና ዘፈኑ ማለቁን ይነግራችኋል። ጥሩ ቅጂ ላይ ኦርጋኑ የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንደጠፋ አይታወቅም፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጆሯችሁ ገና ይከተለዋል። ሸክላ አታሚ ለእንዲህ ያለ አልበም ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር እሱ ነው።