ሌየር የት ይጠፋል?

«ሌየሮቼ ጠፉ» የሚለውን እሮሮ ፎቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽራዋን ፊት ለማጥራት፣ የቬሎዋን ነጭነት ለማስተካከል፣ የጀርባውን ብርሃን ለማለዘብ ለየብቻ የተሠሩ ሌየሮች ነበሩ። ፋይሉ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲከፈት ግን አንድ ወጥ ምስል ብቻ ይታያል። ብዙዎች ወዲያው ፕሮግራሙን አራግፈው እንደገና ይጭናሉ። እኔ በሥራዬ የደረስኩበት ግን ሌየር ከሦስት ቦታ በአንዱ እንደሚቀር ነው፤ ወይ ሴቭ ስናደርግ ጥለነዋል፣ ወይ ስናሻግረው ተጨፍልቋል፣ ወይ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ እያለ የከፈተው ፕሮግራም ማንበብ አቅቶታል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ በዚያው ፋይል ላይ ደግሞ ሴቭ ማድረግ፣ ሊድን የሚችለውን መቅበር ነው።

መጀመሪያ የማየው የፋይሉን ዓይነት ነው። ጄፔግ ከሆነ ፍለጋው እዚያው አበቃ፤ ጄፔግ ሌየር አይዝም። ከተቦካ ሊጥ ዱቄቱን መልሶ ማውጣት የለም። የሚቀረው ተስፋ ሌየሮቹን የያዘው የፎቶሾፕ ፋይል (ፒኤስዲ) ሌላ ቦታ መኖሩ፣ ወይም ፋይሉ ፎቶሾፕ ውስጥ ገና ካልተዘጋ ሂስትሪ ውስጥ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ቲፍ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ፎቶሾፕ ቲፍ ሲያስቀምጥ ሌየሮቹ ይቀመጡ ወይስ ይጣሉ ብሎ ምርጫ ይሰጣል። ቢቀመጡም በራሱ አሠራር ለይቶ ስለሚያኖራቸው፣ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያነቡት የተጨፈለቀውን ምስል ብቻ ነው። ያንኑ ቲፍ ፎቶሾፕ ውስጥ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ሌየሮቹ ከታዩ ችግሩ የሌላው ፕሮግራም ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው የላይትሩም ክላሲክና የፎቶሾፕ ምልልስ ነው፤ ሁለቱም የአዶቤ ስለሆኑ ማንም አይጠራጠርም። ሌየር ያለው ቲፍ ወይም ፒኤስዲ ከላይትሩም ወደ ፎቶሾፕ ሲላክ ሦስት ምርጫ ይቀርባል። «ኤዲት ኤ ኮፒ ዊዝ ላይትሩም አጀስትመንትስ» የሚለው የላይትሩሙን ማስተካከያ ምስሉ ላይ ስለሚያትም ሌየሮቹን ይጨፈልቃል። «ኤዲት ኦሪጅናል» ግን እንዳሉ ይከፍታቸዋል። ዋጋው በላይትሩም የተሠራው ቀለምና ብርሃን ፎቶሾፕ ውስጥ አለመታየቱ ነው፤ ሴቭ አድርጋችሁ ስትመለሱ ላይትሩም መልሶ ያለብሰዋል። በመጀመሪያው ምርጫ ለተደናገጠም መጽናኛ አለ፤ የተጨፈለቀው ቅጂው ስለሆነ ዋናው ፋይል ያለበት ቦታ ሳይነካ ይገኛል።

ከአዶቤ ውጭ ያለው ጂምፕ የተባለው ፕሮግራምም ፒኤስዲ ይከፍታል፤ ተራ የፒክስል ሌየሮችም በአብዛኛው በደህና ይሻገራሉ። ስማርት ኦብጀክት፣ አጀስትመንት ሌየርና የሌየር ስታይል ግን ከነአሠራራቸው ይደርሳሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ጂምፕ ለሚጠቀም ባልደረባ የምሰጠው ቅጂ ነው፤ በቅጂው ላይ እነዚህን ወደ ተራ ፒክስል እቀይራቸዋለሁ። በጂምፕ በኩልም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 2.8 ጀምሮ «ሴቭ» የሚያስቀምጠው በራሱ ፎርማት፣ በኤክስ ሲ ኤፍ ብቻ ነው፤ ጄፔግም ሆነ ፒኤስዲ የሚወጣው በ«ኤክስፖርት» ነው። ይህ መለያየት ብዙ ሰው ያማርራል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ የሥራ ፋይልና የሚሰጥ ፋይል አንድ አይደሉምና።

ፋይል ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ ጠይቁ። ለደንበኛ ጄፔግ ስጡ፤ ፒኤስዲውን ግን አልበሙ ታትሞ ደንበኛው እስኪረከብ ድረስ አትሰርዙ።