ድምፁ ካለፈ በኋላ
ስለ «ሱብሮሳ» አልበም የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

የአንድ የሙዚቃ ቡድን ሕልውና በምን ይለካል? በስሙ ነውን? በመሣሪያዎቹ ቅንብር ነውን? ወይስ ከፊት ቆሞ በሚያዜመው ሰው ድምፅ? ይህ ጥያቄ ስለ ኪነ ጥበብ በሚወያዩ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ቢነሣም መልሱ በአመዛኙ በሐሳብ ደረጃ የሚቀር ነው። ባክ-ቲክ የተባለው የጃፓን የሮክ ሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2024 ያወጣው «ሱብሮሳ» የተሰኘ አልበም ግን ጥያቄውን ከሐሳብ ወደ ተግባር አውርዶታል። አልበሙ ቡድኑ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ድምፁ አድርጎት የኖረውን ሰው በሞት ካጣ በኋላ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከቡድኑ አድናቂዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ አድናቆት ከሂስ አያድንም፤ እንዲያውም የሚወዱትን ሥራ አበጥሮ መመርመር የአድናቂ ግዴታ ነው። ስለዚህ የቡድኑን አመጣጥ በአጭሩ ካስታወስን በኋላ የአልበሙን ብርታትና ድካም በቅደም ተከተል ለመመልከት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡድኑ አመጣጥ

ባክ-ቲክ የተመሠረተው በ1983 ጉንማ በተባለው የጃፓን ግዛት፣ በፉጂዮካ ከተማ ነው። መጠሪያው «ባኩቺኩ» ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ርችት ማለት ነው። በ1985 የአባላቱ ስብጥር ከተደላደለ በኋላ አምስት ሰዎች፣ ማለትም ድምፃዊው አትሱሺ ሳኩራይ፣ ጊታር ተጫዋቾቹ ሂሳሺ ኢማይና ሂዴሂኮ ሆሺኖ፣ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ዩታካ ሂጉቺ፣ እንዲሁም የሂጉቺ ታላቅ ወንድም የሆነው ድራም መቺው ያጋሚ ቶል፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይጨመር እስከ 2023 ድረስ አብረው ዘልቀዋል። በ1989 የወጣው «ታቡ» እና በ1990 የወጣው «አኩ ኖ ሃና» የተሰኙት አልበሞቻቸው በአገሪቱ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ደረጃን ይዘው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለነገራችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ሳኩራይ ወደ ቡድኑ የገባው በድምፃዊነት ሳይሆን በድራም መቺነት ነው። የመጀመሪያው ድምፃዊ በ1985 ከቡድኑ ሲለይ ከበሮውን ለያጋሚ አስረክቦ ወደ ፊት ወጣ። እንግዲህ አድማጭ ለዐሥርተ ዓመታት «የባክ-ቲክ ድምፅ» እያለ የሚያውቀው ድምፅ ራሱ ከሥራ ድርሻ መለዋወጥ የተወለደ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መልክና ፍሬ ነገር

ባክ-ቲክ «ቪዥዋል ኬይ» በመባል ለሚታወቀው የጃፓን ሮክ ፈርጅ መነሻ ከሆኑት ቡድኖች መካከል ይቆጠራል። ስያሜው በግርድፉ «የሚታየው ዘውግ» እንደማለት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ የተጓዙት ወጣቶች ፀጉራቸውን እንደ ጃርት እሾኽ ያቆሙ፣ ዓይናቸውን የሚኳሉ፣ ፊታቸውን በዱቄት የሚያነጡ ነበሩ። ሙዚቃው በጆሮ ከመሰማቱ በፊት በዓይን እንዲታይ መፈለጋቸው ብዙ ነቀፌታ አስከትሎባቸዋል። ነቃፊዎቻቸው «መልክ የበዛበት ሙዚቃ ፍሬ የለውም» ይሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ የምዕራባውያንን ልብስ መዋስ ነው ብለው ያጣጥሉታል።

ሁለተኛው ክስ የመዋዋሱን አቅጣጫ በቅጡ ያላጤነ ነው። ሳኩራይ ያደንቀው የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ቦዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ ይለብሳቸው ከነበሩት እጅግ የታወቁት አልባሳት የጃፓናዊው ካንሳይ ያማሞቶ የፈጠራ ሥራዎች ናቸው፤ ቦዊም የካቡኪን ትርዒት ያደንቅ ነበር። ከጃፓን ወደ ለንደን የሄደው፣ ከለንደንም ወደ ፉጂዮካ ወጣቶች የተመለሰው መልክ የማን ነው? ኪነ ጥበብ እንዲህ እየተዘዋወረ የሚያድግ በመሆኑ የባለቤትነትን ድንበር ማስመር ቀላል አይደለም።

ለመጀመሪያው ክስ ምላሽ የሚሰጠው ራሱ የቡድኑ ሥራ ነው። በ1990 የሳኩራይ እናት ዐረፈች። በማግስቱ ዓመት በወጣው «ኩሩታ ታይዮ»፣ ማለትም «ያበደችው ፀሐይ» በተሰኘው አልበም ውስጥ «ጁፒተር» የተባለው ዘፈን ከዚህ ኀዘን የፈለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞት፣ ፍቅርና ጨለማ የሳኩራይ ግጥሞች ዋና ጭብጥ ሆኑ። ጥቁር ልብሱና የተኳለው ዓይኑ ፊቱን ለመሸፈን የተደረቡ ጭምብሎች ሳይሆኑ በግጥሙ ውስጥ ያለውን ነገር በአካል የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። ቅርፅ ይዘትን ሲሸከም ጌጥ መሆኑ ያበቃል።

ከስብራቱ በኋላ

ኦክቶበር 19 ቀን 2023 በዮኮሐማ ከተማ በቀረበ ዝግጅት ላይ ሳኩራይ መድረክ ላይ እንዳለ ታመመ። ወደ ሆስፒታል ቢወሰድም በዚያው ሌሊት በአንጎል ግንድ ላይ በደረሰ የደም መፍሰስ ምክንያት በ57 ዓመቱ ዐረፈ። የመጨረሻ አልበሙ የሆነው «ኢዞራ» ከወጣ ገና መንፈቅ ያለፈው ነበር። ዲሴምበር 29 ቀን በዚያው ዓመት የቀሩት አራቱ በቶኪዮው ቡዶካን አዳራሽ ቆመው፣ ቀድሞ በተቀረፀው የሳኩራይ ድምፅ ታጅበው ተጫወቱ። ሥራውን እንደሚቀጥሉም ለሕዝቡ አስታወቁ።

ከዚያ በኋላ በፊታቸው ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው የሟቹን ድምፅ በመቅረፀ ድምፅ እያስደመጡ መኖር ነው። ይህ ለአንድ ምሽት ስንብት ሲሆን ልብ ይነካል፤ ለዓመታት ከተደጋገመ ግን መድረኩን ሐውልት ያደርገዋል። ሁለተኛው ሌላ ድምፃዊ መቅጠር ነው። ይህም ለገበያ የሚመች ቢሆንም አዲሱን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው ጥላ ሥር ያኖረዋል። ሦስተኛው የቀሩት ራሳቸው አፋቸውን እንዲከፍቱ የሚጠይቅ ነው። ቡድኑ የመረጠው ከሁሉም የሚከብደውን ይህንኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋና የዜማ ደራሲ የነበረው ኢማይና ባልደረባው ሆሺኖ ግጥሙንም ድምፁንም ተከፋፍለው ያዙ። ለረጅም ዘመን ተቀባይ የነበሩት አውጪ ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው የ1985ቱ ታሪክ የሚታወሰን። ያኔ ከበሮ መቺው ወደ ፊት እንደወጣ ሁሉ አሁንም ጊታር ተጫዋቾቹ ወጡ። ስለዚህ ውሳኔው ከቡድኑ ባሕርይ ያፈነገጠ ሳይሆን ከመሠረቱ ጋር የሚስማማ ነው ለማለት ይቻላል።

የአልበሙ ብርታት

«ሱብሮሳ» የሚለው ርእስ «ከጽጌረዳው ሥር» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን አነጋገር የተወሰደ ሲሆን በምሥጢር የተያዘን ነገር ያመለክታል። ርእሱ ለአልበሙ ቁልፍ ነው። አድማጩ ከእነዚህ ሰዎች የሚጠብቀው ደረት እየመቱ የሚያለቅሱትን ልቅሶ ነበር። የሚያገኘው ግን ምት የበዛበት፣ የኤሌክትሮኒክ ድምፆች የሚፈነጩበት፣ አልፎ አልፎም ቀልድ የማይጠፋው ሥራ ነው። ኀዘኑ የለም ማለት አይደለም፤ ከአበባው ሥር ተቀምጧል። ሰሙ ጭፈራ፣ ወርቁ ኀዘን ነው።

የመክፈቻው ዘፈን ርእስ ይህንኑ ያስረዳል። ቃሉ የማይቆጠር ብናኝን የሚመለከት ሲሆን «ናዩታ» የተባለው የብዛት ስም ከቡድሃ እምነት የቁጥር አነጋገር የመጣ፣ ለአእምሮ የሚያስቸግር ግዙፍ ቁጥር ነው። የአንድ ሰው ሞት በእንዲህ ያለ ስፋት ውስጥ ሲቀመጥ ይቀልላል ወይስ ይከብዳል? አልበሙ ጥያቄውን ከፍቶ ይተወዋል እንጂ በስብከት አይዘጋውም።

ከአልበሙ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በነጠላ የወጣው «ራይጂን ፉጂን - ሬዞናንስ» ደግሞ የነጎድጓድና የነፋስ አማልክትን ስም የያዘ ነው። በጃፓን ሥነ ሥዕል እነዚህ ሁለት አማልክት ጥንድ ሆነው መሣላቸው የታወቀ ነው፤ በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ታዋራያ ሶታትሱ በወርቅ ቅብ መጋረጃ ላይ የሣላቸው በተለይ ዝነኛ ናቸው። በዚያ ሥዕል ሁለቱ ግራና ቀኝ ጥግ ይዘው መካከሉ ባዶ ወርቅ ሆኖ ይታያል። በእኔ አስተያየት የአልበሙን አሠራር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ምስል የለም። ኢማይ በአንድ ጥግ፣ ሆሺኖ በሌላው፤ በመካከላቸው ሳኩራይ የነበረበት ቦታ አለ። ቦታውን ለመሙላት አልተሽቀዳደሙም። ባዶነቱ ራሱ እንዲያስተጋባ ተዉት።

የሁለቱ ድምፆች ባሕርይም ለዚህ ይረዳል። የኢማይ ድምፅ ደረቅ፣ ሾል ያለና ከዜማ ይልቅ ለንግግር የሚቀርብ ነው። የሆሺኖ ደግሞ ለስላሳና ትሑት ነው። ሁለቱም የሳኩራይን ወፍራምና ጥልቅ ድምፅ ለማስመሰል አለመሞከራቸው ከሁሉ የሚያስመሰግናቸው ነገር ነው። ከኋላቸው ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሂጉቺና ያጋሚ፣ የማይናወጥ መሠረት ይዘውላቸዋል። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈው ያጋሚ ዛሬም ፀጉሩን እንደ ወጣትነቱ ቀጥ አድርጎ ማቆሙን አልተወም። ይህን የሚያይ ሰው ቀድሞ «መልክ ብቻ» የተባለው ነገር ቃል ኪዳንም ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

የአልበሙ ድካም

ይህ ሁሉ ሲባል ጉድለቱን መሸፈን ተገቢ አይሆንም። በመጀመሪያ አልበሙ ረጅም ነው። ዐሥራ ሰባት ሥራዎችን የያዘ በመሆኑ በመካከሉ ላይ የሚደክምበት ቦታ አለ። አራቱ ሰዎች «ገና ብዙ የምንለው አለን» ለማለት መፈለጋቸው የሚገባን ቢሆንም መምረጥም የጥበብ አካል ነው። አራት ወይም አምስት ሥራዎች ቢቀነሱ የቀሩት ይበልጥ በጎሉ ነበር።

ሁለተኛው ድካም ከግጥሙ ላይ ነው። ሳኩራይ አንድን ሐሳብ ከሥጋና ከደም ጋር አያይዞ የማቅረብ ችሎታ ነበረው። ኢማይ በበኩሉ በቃላት ድምፅ መጫወት፣ ከፕላኔትና ከሕዋ ምስል መዋስ ይወዳል። ይህ ሕያውነት ቢሰጠውም አልፎ አልፎ አድማጩን ከውጭ ያስቀረዋል። ብልጭ ይላል፤ አያቃጥልም። የድምፁ አቅም ውሱን መሆኑም ዝግ ባሉት ዜማዎች ላይ ይታወቃል። እዚህ ላይ የሆሺኖ ድርሻ ሰፋ ቢል ኖሮ ሚዛኑ በተሻለ ይጠበቅ እንደነበር እገምታለሁ።

ሦስተኛው፣ የኤሌክትሮኒክ ቅንብሩ በአንዳንድ ቦታ ላይ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ አዲሶቹን ድምፆች ይሸፍናቸዋል። አዲስ ድምፃውያን መሸሸጊያ መፈለጋቸው የሚጠበቅ ነው። ዳሩ ግን አድማጩ ሊሰማ የመጣው የተሸሸገውን ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን?

የአልበሙ መዝጊያ ርእስ ምሽትንና «ሃውሊንግ»ን ያጣመረ ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል በጃፓናውያን የሙዚቃ ባለሙያዎች አነጋገር ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲይዘው የሚፈጠረውን ሲውታ ያመለክታል። ድምፅ ወደ ምንጩ ተመልሶ ሌላ ድምፅ ይሆናል። በመደበኛው አሠራር ስሕተት ነው፤ ቴክኒሻኑ ፈጥኖ ያጠፋዋል። የሮክ ጊታር ተጫዋች ግን ያንኑ ስሕተት ወደ ዜማ ይለውጠዋል። የባክ-ቲክም ተግባር ከዚህ አይርቅም። መጥፋት የነበረበትን ነገር ይዘው ዜማ አወጡበት።

በአጠቃላይ «ሱብሮሳ» የቡድኑ ምርጥ አልበም አይደለም። «ኩሩታ ታይዮ» ከደረሰበት ጥልቀት አይደርስም፤ ከ«ኢዞራ» ጋር ሲነጻጸርም የግጥሙ ክብደት ይቀንሳል። ነገር ግን ከምርጦቹ ይልቅ አስፈላጊ ነው። በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣልና፦ የቡድን ሕልውና በአንድ ድምፅ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሳይሆን ያን ድምፅ በፈጠረው አብሮ የመሥራት ልማድ ውስጥ የሚኖር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ሁሉ እኩል ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ጭነቱን ስለሚይዝ ነው።

በቴአትርም ሆነ በሙዚቃ፣ በኅብረት የሚሠሩ የጥበብ ሰዎችና ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ መምህራን ይህን አልበም ቢያደምጡት ይጠቀማሉ። ፊት የቆመው ሰው በሚያምርበት ዘመን ከኋላ ያለው ሰው ዝም ብሎ የሚማረው ምን እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ኢማይና ሆሺኖ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጎን ቆመው ሲያዳምጡ ኖረዋል። አሁን የሚያሰሙን ያዳመጡትን ነው።