ዜሮ ያመጣችው ተማሪና ያልተፈተነችው ተማሪ

እስኪ አንድ የትምህርት ቤት ፕሮግራም እናስብ። «ተማሪ» የሚባል ኦብጀክት አለ፤ በውስጡ «ፈተና» አለ፤ በፈተናው ውስጥ ደግሞ «ውጤት» የሚባል ቁጥር ተቀምጧል። ሣጥን ውስጥ ሌላ ሣጥን እንደማለት ነው። ወደ ቁጥሩ የምትደርሱት በነጥብ እየተሻገራችሁ ነው፦ ተማሪ.ፈተና.ውጤት። መረጃውን ለሌላ ፕሮግራም ለመላክ ግን ብዙዎች ሣጥኖቹን አውጥተው አንድ ጠፍጣፋ ኦብጀክት ይሠራሉ። እሱ ላይ የሚቀረው «ፈተናውጤት» የሚል አንድ ፊልድ ብቻ ነው። ለማጓጓዣ የተሠራው ይህ ዕቃ ዳታ ትራንስፈር ኦብጀክት፣ ባጭሩ ዲቲኦ ይባላል።

ማርቲን ፋውለር በ2002 ባሳተመው የሶፍትዌር ንድፍ መጽሐፍ ዲቲኦን ሲያስረዳ ዓላማው ግልጽ ነበር፦ በኔትወርክ የሚደረግ እያንዳንዱ ጥሪ ውድ ስለሆነ ብዙ መረጃ አንድ ላይ ጠቅልሎ መላክ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት የሚል ግዴታ የለም። ዛሬ የምንልከው ጄሰንም የተደራረበ መረጃ ያለችግር ይሸከማል። ተቀባዩ ሠንጠረዥ ከሆነ እሺ፣ ጠፍጣፋው ይመቻል። ካልሆነ ግን ለምን?

እዚህ ላይ በሲሻርፕ ፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀው አውቶማፐር ይመጣል። ይህ ላይብረሪ መዳረሻው ላይ ያለውን የፊልድ ስም ምንጩ ላይ ካጣው፣ ስሙን በትልልቅ ፊደላት እየለየ ይከፍለውና ወደ ውስጥ ይፈልጋል። (የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ «ወርቅነህ» የሰው ስም ይሁን ሙገሳ የምንለየው በክፍተቱ ነው። ስለዚህ የጻፍኳቸውን ስሞች ኮዱ ላይ በላቲን እንደተጻፉ ቁጠሯቸው።) አሰልቺ ኮድ ከመጻፍ ያድናል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አሁን አንዷ ተማሪ ታማ አልተፈተነችም እንበል። የእሷ «ፈተና» ባዶ ነው፤ ፕሮግራመሮች ነል የሚሉት። ኮዱን በእጃችሁ በነጥብ ብቻ ብትጽፉት ፕሮግራሙ እዚያ ጋ ሲደርስ ስህተት ብሎ ይቆማል። ያናድዳል፣ ግን እውነቱን ነው፤ የሌለ ነገር ጠይቃችሁታል። አውቶማፐር ግን ባዶውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። መዳረሻው ተራ ኢንቲጀር ከሆነ ተማሪዋ 0 ትሆናለች። ሌሎቹ ሁለቱ 80 እና 70 ቢያመጡ የክፍሉ አማካይ ከ75 ወደ 50 ይወርዳል። ማንም ያስጠነቀቀ የለም። ሰንጠረዡን የሚያየው ሰው ልጅቷ ሰነፍ ናት ብሎ ይደመድማል።

ግማሽ መፍትሔው ቀላል ነው። ሲሻርፕ ላይ «ኢንት» ከሚለው ኋላ የጥያቄ ምልክት ብትጨምሩ ፊልዱ ባዶ መሆን ስለሚችል 0 አይተካበትም። ግማሽ ያልኩት በምክንያት ነው። ያልተፈተነችውና ተፈትና ወረቀቷ ገና ያልታረመላት አሁንም አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ይታያሉ። ሣጥኖቹ ሳይፈርሱ በፊት ልዩነቱ ይታይ ነበር፦ አንዷ ጋ ፈተናው ራሱ የለም፣ ሌላዋ ጋ ፈተናው አለ ውጤቱ የለም። ይህን ለማቆየት «ተፈትናለች» የሚል ሌላ ፊልድ መጨመር ግድ ነው፤ እሱን ደግሞ ከስም ገምቶ የሚያመጣላችሁ ላይብረሪ የለም።

የጃቫው ማፕስትራክት በዚህ በኩል ይሻለኛል። ከውስጥ የሚመጣውን መንገድ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ኮምፓይል ሲደረግ የሚያመነጨውን ተራ የጃቫ ኮድም ከፍታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ነገር ግን መዳረሻው ተራ ኢንቲጀር ከሆነ እሱም ያቺን 0 ይተዋታል።

አውቶማፐርም የራሱ መፈተሻ አለው፤ እያንዳንዱ የመዳረሻ ፊልድ ምንጭ ማግኘቱን ያረጋግጣል። የእኛ ኮድ ይህን ፈተና በደንብ ያልፋል፣ ስሞቹ ይገጥማሉና። ስለዚህ ቴስት ስትጽፉ ከሁሉ በፊት ያልተፈተነችዋን ተማሪ አስገቡና የሚወጣውን እዩ።