የጤና መድን የጥቅም ዝርዝር በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል

መድን ማለት ውል ነው። አንደኛው ወገን በደኅናው ቀን ገንዘብ ያዋጣል፤ ሌላው ወገን በክፉ ቀን እደርስልሃለሁ ብሎ ቃል ይገባል። የጤና መድን ግን ከሌሎቹ የመድን ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም ውሉ የሚፈጸመው በሦስተኛ ሰው፣ ማለት በሐኪሙ እጅ መሆኑ ነው። መዋጮውን የሰበሰበው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሕመምተኛውን አያክመውም፤ የሚያክመው ሐኪም ደግሞ መዋጮውን አልሰበሰበም። እንግዲህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ መድኑ የሚሰጠው ጥቅም ሲወሰንና ሲለወጥ፣ ነገሩ ሐኪሙና ሕመምተኛው ዘንድ የሚደርሰው እንዴት ነው? የመድኑ መልካምነት ከሚለካባቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ ይመስለናል።

የአገራችን የጤና መድን ታሪክ ረጅም አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ይህ አዋጅ በደመወዝና በጡረታ ለሚተዳደሩ ሰዎች የታሰበ ሲሆን፣ ከደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ እንዲዋጣ ታቅዶ ነበር፤ በሥራ ላይ መዋሉ ግን ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ ቆየ። ለገበሬውና በግል ሥራው ለሚኖረው ሰው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአንጻሩ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባልነቱ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተ ሰብ ነው፤ መክፈል ለማይችለው ድኻም መንግሥት ይከፍልለታል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ መሆኑን ሳንክድ ወደ ጉድለቱ እንለፍ።

የመጀመሪያው ጉድለት የጥቅሙ ዝርዝር የተነገረበት መንገድ ነው። ለአባሉ በጥቅል የሚነገረው ተመላልሶም ተኝቶም እንደሚታከም፣ ምርመራና መድኃኒትም እንደሚያገኝ ነው። በቁርጥ ተለይቶ የሚነገረው የማይሰጠው ነው፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የመሳሰሉት። ለደመወዝተኛው በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብም በድንገት ከሚደርስ የኩላሊት መድከም በቀር የኩላሊት እጥበትን ከጥቅሙ ውጭ አድርጎታል። ገደብ ማበጀቱን አንነቅፍም፤ የተዋጣ ገንዘብ መጨረሻ አለውና። ሀብታም አገርም ይህን ያደርጋል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1948 ሕክምናን ለሁሉም በነጻ ካደረገ በኋላ፣ በ1951 ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሕዝቡ በከፊል እንዲከፍል ወሰነ። የጤናውን አገልግሎት ያቋቋመው ሚኒስትር አኖይሪን ቤቫን በዚህ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። ነገሩ ክፉም ይሁን ደግ፣ ጥርሱን የሚያስተክለው ሰው ምን እንደተቀነሰበት፣ ማን እንደቀነሰበትና ለምን እንደተቀነሰበት አውቆ ነበር። የእኛም ነቀፌታ መቀነሱ ላይ ሳይሆን አለመነገሩ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው። በጥቅም ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገርና በጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ የሌለ ነገር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የውሉ ወሰን ነው፤ ሁለተኛው የውሉ መፍረስ ነው። ሕመምተኛው ግን ሁለቱንም የሚሰማው በአንድ ቃል ነው፤ «የለም» ይባላል። ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ከሚያነሡት ቅሬታ አንዱ የመድኃኒት እጥረት ነው። ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት የሚሄድ አባል የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ መዋጮውንም ከፍሏል፣ መድኃኒቱንም ገዝቷል ማለት ነው። የመጣበት መድን ያታለለው ይመስለዋል፤ ወይም ሐኪሙን ይጠረጥራል። ሐኪሙም ባልፈረመው ውል ተወቃሽ ሆኖ ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ አባልነቱን ሳያድስ የሚቀረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን በዚህች በመድኃኒት ማደያዋ መስኮት ላይ ይመስለናል።

ሦስተኛው ጉድለት ስለ ለውጥ ነው። በሙከራው ዘመን የሪፈር ወረቀት ሳይዝ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል የሚል ደንብ ነበር። ደንቡ ምክንያት አለው፤ ሰው ሁሉ በጉንፋን ምክንያት ሆስፒታሉን እንዳያጨናንቀው ነው። ነገር ግን ይህን ደንብ ያልሰማ ባለካርድ የታመመ ልጁን ተሸክሞ በቀጥታ ሆስፒታል ቢደርስ፣ ደንቡን የሚማረው በገንዘብ መክፈያው ፊት ቆሞ ነው። የሐኪሙም ዕጣ ከዚህ አይሻልም። ጤና ጣቢያው የሰጠውን አገልግሎት አስልቶ ክፍያ ይጠይቃል፤ የመድኑም መርማሪዎች መዝገቡን ያያሉ። ሐኪሙ አንድ ነገር ከዝርዝሩ መውጣቱን ሂሳቡ ሲመለስ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ዝርዝሩ የሥራ መምሪያ መሆኑ ቀርቶ የቅጣት መዝገብ ይሆናል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሩቅ አይፈለግም። ዕድርን እንመልከት። የዕድር አባል ስንት ብር እንደሚያዋጣ፣ ለወላጅ ስንት፣ ለልጅ ስንት እንደሚከፈል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ለስንት ቀን እንደሚቆይለት ጠንቅቆ ያውቃል። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን እንኳ ያውቁታል፤ መተዳደሪያው በአባላቱ ፊት ስለሚነበብና ሲለወጥም በስብሰባቸው ስለሚለወጥ ነው። ከውጭ አገር ምሳሌ ካስፈለገ ደግሞ የጃፓን ሥርዓት አለ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ሕዝቡ ሁሉ የመድን አባል ነው፤ የሕክምናው ዋጋ ዝርዝርም በየ2 ዓመቱ ይሻሻላል። ማሻሻያውን የሚመክረው ጉባኤ 7 የከፋዮች ወገን፣ 7 የሐኪሞችና የአካሚዎች ወገን፣ 6 ደግሞ የሕዝቡን ጥቅም የሚጠብቁ አባሎች አሉት። ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፣ ዝርዝሩ በቀጠሮ ስለሚገላበጥ ለውጡ ለማንም ድንገተኛ አይሆንም። በእኛ አገር መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣ በኋላ ተሻሽሎ የወጣው በ2019 ነው። አዲሱ 1,018 አገልግሎቶችን ይዟል፤ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን 14 ዓመት ለሕመም ረጅም ጊዜ ነው፤ የ1,018 መስመር መጽሐፍም በማዳበሪያ ከረጢት መዋጮ ለሚያጠራቅም ገበሬ አይነበብለትም።

«ዝርዝሩ በይፋ ቢነገር ሁሉም ሁሉን ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ያልቃል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መዋጮው ትንሽ፣ ሕመሙ ብዙ ነውና። ነገር ግን አባሉ ባለማወቁ የሚተርፍ ገንዘብ ቁጠባ ሊባል አይገባም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ደግሞም ወሰኑን የሚያውቅ ሕመምተኛ ከወሰኑ ያለፈ አይጠይቅም፤ ሁሉን ተስፋ የሚያደርገው ምንም ያልተነገረው ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጥቅሙ ዝርዝር ቀን ተጽፎበት፣ ምን እንደተጨመረ፣ ምን እንደተቀነሰና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና በአንድ ገጽ ተገልጦ፣ በሐኪሙ ጠረጴዛና በካርድ ክፍሉ በር ላይ በአንድ ዓይነት ቃል ይለጠፍ፤ መዋጮ በሚሰበሰብበት ወራትም በየቀበሌው ስብሰባ በሕዝቡ ቋንቋ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ማዘዣውን ይዞ ለሚመለስ አባል «በዝርዝሩ የለም» ወይም «በዝርዝሩ አለ፣ በመጋዘን አልቋል» ተብሎ ተለይቶ ይጻፍለት፤ ሁለተኛው ሲሆን ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ያለው የመድኑ ጠቅላላ ጉባኤ ስንት ብር ተሰበሰበ ከማለት አልፎ ምን መድኃኒት ጠፋ ብሎ ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም ሐኪሙ ከጉባኤው ይገኝ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመውና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ሁለተኛው ነው። በማዘዣው ጀርባ የምትጻፍ አንዲት መስመር ናት፤ ያቺ መስመር ግን ሐኪሙን ከሐሜት፣ አባሉን ከጥርጣሬ ታወጣለች፤ መጋዘኑን በኃላፊነት የያዘውም ሰው የሚጠየቅበትን ማስረጃ ታኖራለች።