ጥሩ አስጎብኚ በምን ይለያል?

ከራያዋ ሮቢት ተነሥቶ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው ለዚያ መንገድ ገንዘብም ጉልበትም ከፍሏል። ጣና ዳር ደርሶ ጀልባ ከተሳፈረ በኋላ ግን የቀኑ ማማርም መበላሸትም በአስጎብኚው እጅ ነው። ሰዋችን ልብስ ሲያሰፋ ስፌቱን ገልብጦ ያያል፤ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም። አስጎብኚ ሲይዝ ግን የሚመዝንበት ነገር ስለሌለው የሰጡትን ተቀብሎ ይመለሳል። ቅር ካለውም ጥፋቱን በሐይቁ ያሳብባል፤ «ጣና የሚባለውን ያህል አይደለም» ይላል።

የራያ ሰው መመዘኛውን ከገዛ ማሳው ማምጣት ይችላል። ሮቢት ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ዞብል አዙሮ «ይህ ማሽላ ነው» የሚል ሰው ምንም አልነገረንም። ዝርያው ደጋሊት ነው ወይስ ጅጉርቴ? መቼ ተዘራ? ከምዕራብ በኩል ካለው ተራራ የወረደው ጎርፍ የት ላይ ተጠልፎ ነው እዚህ ማሳ የገባው? ይህን የሚመልስ ሰው ሲናገር አይተነው የማናውቀውን ነገር በገዛ ሜዳችን ላይ ያሳየናል። ጣና ላይም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ሙያው የሚታየው ጀልባው ሳይነሣ ነው። ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ሥርዓቱ የኖረ፣ የሚከበርም ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። አክስቴን ይዘን በሄድንበት ጊዜ ግን አስጎብኚያችን ይህን የተናገረው ክብራን ዳርቻ ላይ ጀልባው ከቆመ በኋላ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ልትወርድ ስትል «እማማ፣ እርስዎ እዚሁ ይጠብቁን» አላት። «ልጄ፣ ይህን ባሕር ዳር ሳለን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ስትለው «ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነው» ብሎ ቀድሞን ወጣ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴቶችም ክፍት ነው፤ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ አሉ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ገና ከመነሻው ማን እንደ ያዘ አይቶ መንገዱን በዚያው ልክ ይቀይሳል። የገዳሙ መግቢያ ለብቻ የሚከፈል መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ በነፋስ እንደሚናወጥ፣ ሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ትልቁ ፈተና ግን ሥዕሉ ፊት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንደ ብዙዎቹ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ክብ ናት። ቅኔ ማኅሌቱን አልፋችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ደካማው አስጎብኚ እዚህ ጋ ጣቱን እየቀሰረ ስም ይጠራል፤ «ይህ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ይህ በላዔ ሰብ፣ ይህ ስቅለት፤ እንቀጥል።» በላዔ ሰብን ለወሎ ሰው ማን ይነግረዋል? ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ጥሩው አስጎብኚ ያቆመንና ዓይኖቹን እንድናይ ያደርገናል፤ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ መሆኑን ጠርዙን አሳይቶ ይነግረናል። በበላዔ ሰብ ታሪክ ሚዛኑ ወደ ጥርኙ ውሃ ሲያጋድል የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝም ብሎ ጊዜ ይሰጠናል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ችሎታ ይህ ነው፤ መቼ ዝም እንደሚሉ ማወቅ። ናርጋ ሥላሴ ላይ ገዳሙን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ሳያሳይ ያስወጣችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን በከንቱ ወስዷል።

ሌላው መለያ ትውፊትንና ታሪክን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ጣና ቂርቆስ ላይ ታቦተ ጽዮን ለብዙ መቶ ዓመታት እንዳረፈች ገዳሙ ያስተምራል፤ ይህ «በገዳሙ ትውፊት» ተብሎ በክብር ይነገራል። ደጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም የሚገኝበት ነው፤ ዘመናቸው ይታወቃል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1468፣ ሁለተኛው በ1667 ዐርፈዋል። ሁለቱን በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርድ አስጎብኚ ለእምነቱም ለታሪኩም አይጠቅምም። የማያውቀውን ሲጠየቅ «አላውቅም፤ አባን እንጠይቃቸው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ግን ያዙት። የ37ቱን ደሴት ቁጥር ሁሉም ይደግመዋል፤ ውሃው ሲጎድልና ሲሞላ የደሴቶቹ ዳርቻ ምን እንደሚሆን፣ እምቦጭ የተባለው አረም የትኛውን ዳር እንደ ያዘ የሚናገረው ግን ጥቂቱ ነው።

እውነቱን አስቀድሞ መናገርም የሙያው አካል ነው። በፎቶ የምናውቀው ጢስ ዓባይ የክረምቱ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ቀጥኖ ይገኛል። በመጋቢት ወር «አሁን ብትሄዱ ታዝናላችሁ፤ መስከረም ላይ ኑ» ብሎ የዕለት ገቢውን የሚተው አስጎብኚ እምነት ይጣልበታል። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ በጠፋበት አገር ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህም እንዲህ ያለውን አስጎብኚ አከብረዋለሁ።

ጣና ለሚርቀው ለእኛ ሰው በደሴ መንገድ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለልን። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በቤተ መንግሥት ይከበሩበት የነበረ ገዳም ነው። እዚያ ያገኛችሁትን አስጎብኚ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ደሴት ነው ይባላል፤ ታዲያ እንዴት በእግር ይገባል?» ድሮ ውሃ ከቦት እንደነበረና በኋላ ከየብስ ጋር እንደ ተገናኘ አስረድቶ ቦታውን በጣቱ ካሳያችሁ ተከተሉት። «ዝም ብሎ ነው የሚባለው» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጣና ለመሄድ ያሰባችሁም አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዘጌን ምረጡ። በቡናው ጫካ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን በደንብ እዩ። በዚያው ቀን ደጋንም ናርጋንም ጣና ቂርቆስንም እጨምርላችኋለሁ የሚላችሁን አትቀበሉ። በወጉ ያስጎበኛችሁን ግን ከተስማማችሁበት በላይ ክፈሉት፤ ስልኩንም ለጎረቤት ስጡለት።