የአሸናፊው ቤትና የተሸናፊው መጽሐፍ

ስለ አንድ ጥንታዊ መኖሪያ ቤት ሂስ ማቅረብ ስለ ልብ ወለድ ወይም ስለ ሥዕል ከማቅረብ ይከብዳል። መጽሐፉን ደራሲው፣ ሥዕሉን ሠዓሊው ፈጽሞ ያስረክበናል። ቤት ግን ከተሠራ በኋላ ባለቤት እየለወጠ፣ ትርጉም እየጨመረና እየቀነሰ ይኖራል። ስለዚህ ቅርጹን ማድነቅ ብቻውን ሂስ አይባልም። ቤቱ የማንን ሕይወት እንደያዘ፣ የያዘውንም ሕይወት አኑሮት ወይስ አድርቆት እንደሆነ መመርመር ያሻል። በዚህ መመዘኛ በሐረር ጁገል ውስጥ የሚገኘውን፣ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራውንና የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየምን የያዘውን ሕንጻ እንመልከት።

ነገሩ ለመንዝና ለግሼ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ የቤተሰቡ ሐረግ የሚመዘዘው ከዚሁ ደጋ ነውና። ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም. በመንዝ፣ ጎላ ደረፎ ማርያም ተወለዱ። ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ አገሩን እንዲያስተዳድሩ የሾሟቸው እኚህኑ የመንዝ ተወላጅ ነበር። ልጃቸው ተፈሪም፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በሐረርጌ ምድር ተወልደው በተራቸው የሐረር ገዢ ሆኑ። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው።

ሕንጻውን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል። የእንጨት ሥራውና ከመግቢያው በላይ የሚታየው የጋኔሽ ምስል ይህንኑ ያጠናክራሉ። ጋኔሽ በሂንዱ እምነት ባለ ዝሆን ራስ አምላክ ሲሆን፣ አዲስ ሥራ ሲጀመር እንቅፋት እንዲያስወግድ ይለመናል። እንግዲህ በደጁ ላይ የሂንዱ ምስል፣ በስሙ የክርስቲያን መስፍን፣ በውስጡ የእስላም መጻሕፍት። ሦስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው በዕቅድ የተደረገ አይደለም፤ ንግድ፣ ጦርነትና ጊዜ በየተራ ያመጧቸው ናቸው። የቤቱ ውበትም ችግርም ከዚህ ይነሣል።

ችግሩን ለመረዳት የሐረሪን ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋርን፣ ከጎኑ ማቆም ይበቃል። ጌይ ጋር ለመንገደኛ ፊቱን አያሳይም። ከውጭ የሚታየው የግቢው ግንብ ነው፤ ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ ደረጃ ደረጃ ያላቸው መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች ዕቃና ቁርኣን ይይዛሉ። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ይህ ቅላት በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። የራስ ተፈሪ ቤት ግን ባለ ፎቅ ሆኖ ወደ ውጭ የሚመለከት፣ ሊታይና ሊያይ የተሠራ ነው። አንዱ ቤት ሐዘኑን በወለሉ ሲያኖር፣ ሌላው ሹመቱን በሰገነቱ ያሳያል።

በዚህ ሰገነት ሥር ነው የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተቀመጠው። አቶ አብዱላሂ የከተማቸው ቅርስ እየተሸጠና እየተበተነ ሲሄድ አይተው በግላቸው መሰብሰብ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱት። ከአንድ ሺ በላይ የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ የመታቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ አልባሳት፣ የጦር መሣሪያዎችና የዘፈን ቅጂዎች በስብስቡ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። የተሸናፊው ሕዝብ መጽሐፍ በአሸናፊው ሹም ቤት መቀመጡ ተገቢ ነውን? ተገቢ አይደለም የሚል ሰው ምክንያት አያጣም። ቁርኣን በጌይ ጋር ግድግዳ ውስጥ ሲቀመጥ እጅ የሚደርስበት፣ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሚታይ እንጂ የሚነበብ አይሆንም። ከዚህም በላይ ጎብኚው የመስፍኑን ቤት ሊያይ መጥቶ የከተማውን መጽሐፍ እግረ መንገዱን አይቶ ሊወጣ ይችላል። ቤቱ ስሙ ትልቅ ነውና ይውጣል።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። ታሪክን ለማስተካከል ሲባል ቤቱን ማፍረስም ሆነ ባዶ መተው ለማንም አይበጅም። ድል የተደረገው ሕዝብ ልጅ የአያቶቹን መጽሐፍ ይዞ በድል አድራጊው ደጅ ሲገባና ባለ ቤት ሆኖ ሲቀመጥ፣ ያ ራሱ ምንም ጽሑፍ የማያስፈልገው ትርጓሜ ነው። ሕንጻው የተሠራለት ክብር አልፏል፤ አሁን የሚከበረው በውስጡ ባለው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጽሐፉ ብዛት አይደለም፤ የድጉሰቱ ሥራ ነው። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ከተማ ነበረች። የመጨረሻው የጥንቱ ደጓሽ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞት ጥበቡ አብሮት የተቀበረ መስሎ ነበር። አቶ አብዱላሂ የደጓሹን ደቀ መዝሙር ጠይቀው ሙያውን ተማሩ፤ የተጎዱትንም መጻሕፍት በጥንቱ ወግ ወደ መጠገን ገቡ። በአንድ ቤት ውስጥ ቆዳ ሲዳመጥ፣ ክር ሲሳብ፣ ወረቀት ሲጠረዝ፣ ያ ቤት ዕቃ ቤት መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ቤት ይሆናል። የራስ ተፈሪ ቤት የሚመሰገነው በዚህ ነው፤ ወደፊትም የሚመዘነው ይህ እጅ ሳይቋረጥ በመቀጠሉ ነው።

የሕንድ ነጋዴ ያሠራውን ቤት ከሕንድ ቤት ጋር ማነጻጸር ያለ ቦታው አይሆንም። በካልካታ የሚገኘው የታጎር ቤተሰብ መኖሪያ፣ ጆራሳንኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1784 የተመሠረተ ነው። ዴቤንድራናት ታጎር የምስል አምልኮን ትተው በብራህሞ ሳማጅ የአንድ አምላክ ጸሎትን አጸኑበት፤ ልጃቸው ራቢንድራናት እ.ኤ.አ. በ1861 ተወልደውበት በ1941 አረፉበት። የወጣቱ ባለቅኔ የመጀመሪያ የሙዚቃ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1881 የታየው በዚያው ቤት ነው። ዛሬ ቤተ መዘክርና የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኗል፤ በየዓመቱ በልደታቸው ቀን ዘፈኖቻቸው እዚያው ይዘፈናሉ። ጆራሳንኮ የቤንጋል ባህል ማኅደር የሆነው አልጋቸውንና ልብሳቸውን ስላስቀመጠ አይደለም፤ ዘፈኑ በተወለደበት ቤት ዛሬም ስለሚዘፈን ነው።

ሐረርም ይህ ሀብት አላት። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበረው ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ዚክሪው በከበሮ ታጅቦ በአድባራቱ ይሰማል። ሙዚየሙ የያዛቸው የድምፅ ቅጂዎችና በውጭ የሚሰማው ዚክሪ ካልተገናኙ ሥራው ጎዶሎ ነው። ወጣቱ ዜመኛ ቅጂውን ሰምቶ ወደ በዓሉ፣ ከበዓሉም አዲሱን ዜማ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመላለስበት መንገድ ያስፈልጋል።

ይህ ሂስ ወደ መንዝም ይመለሳል። ከራቤል እስከ መሐል ሜዳ ሰገነት ያለው የመስፍን ቤት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። የደጋው ባለ ድንጋይ ግድግዳ ቤት ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር፤ ሣሩንም ያቆየው ማን መቼ እንዲያጭድ የሚወስነው የቄሮ ደንብ ነው። ይህ ደንብ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢናጋም፣ የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በኅብረተሰቡ እጅ ተመልሶ ቆሟል። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና በመስታወት ሣጥን ቢሰቀል ያምራል፤ ፈታይዋና ሸማኔው ከሌሉ ግን የሟች ልብስ ነው። በየወረዳው ቤተ መዘክር ለማቋቋም የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምን ዕቃ እንሰብስብ ብሎ አይደለም፤ የትኛው እጅ ሥራ እንዳይፈታ እናድርግ ብሎ ነው። የመንዙ ተወላጅ ልጅ ስም የተሰየመበት የሐረሩ ቤት፣ በሐረሪው ደጓሽ እጅ ያስተማረን ይህንኑ ነው።